የነፍሰ ጡር ሌሊትና የአበው ጽሞና

ነፍሰ ጡር ሴትን እንቅልፍ የሚነሣት ነገር ሁለት ወገን ነው። አንደኛው የሥጋ ነው፤ ማኅፀኗ እየሰፋ ፊኛዋን ሲጫን፣ ቃር ደረቷን ሲያቃጥላት፣ ፅንሱ ሲገላበጥባት፣ ጐኗን እያፈራረቀች ብትተኛም ሌሊቱ አልነጋ ይላታል። ሁለተኛው የሕሊና ነው፤ ይኸውም የምጥ ፍርሃት ሲሆን፣ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን በወሊድ የሞቱ ጎረቤቶቿን የቀበረች ሴት በጨለማ ስታስበው እጅግ የሚበረታ ነበር። በደጋው የክርስቲያን አገር የኖሩት አበውና እማት ለሥጋው ድካም ብዙ መድኃኒት ባይኖራቸውም፣ ለሕሊናው ሁከት ግን ሥርዓት ሠርተውለት ነበር።

የሥርዓቱ መሠረት ጸሎት ነው። ቤተ ክርስቲያን ዕለቱን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ስትከፍል አንዱን ለመኝታ ሰዓት ሰጥታ ጸሎተ ንዋም አሰኝታዋለች፤ ለቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ የሚሰጠው ውዳሴ ማርያምም ከሰኞ እስከ እሑድ የየዕለቱ ድርሻ ስላለው፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንኳ በቤቷ ሲደገም እየሰማች ልቡናዋን ከሥጋት ወደ ተስፋ የምትመልስበት የታወቀ ዜማና የታወቀ ቃል ነበራት። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ካዘዙ ወዲህ ደግሞ የእመቤታችን ፍቅር በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ጸንቶ፣ ነፍሰ ጡርን ያገኘ ሰው ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ሳይላት የማያልፍ ሆነ። በዓሉ ጳጉሜን 3 ቀን የሚውለው ቅዱስ ሩፋኤልም ፈታሔ ማኅፀን ተብሎ ስለሚታመንበት፣ ድርሳኑ በእርጉዞች ዘንድ ይነበብ ነበር።

ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ሌላ ልማድ ነበረ፤ እርሱም ክታብ ነው። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ብራና ፍቆ፣ ጠባብ ቁራጮችን አያይዞ ሰፍቶ፣ ርዝመቱን በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ያደርገዋል፤ ጥበቃው ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲደርስ ነውና። ጸሎቱን በጥቁር ቀለም እየጻፈ፣ የቅዱሳኑን ስምና የእርሷን ስመ ክርስትና በቀይ ያገባበታል፤ በመካከሉም ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋት፣ በዳር በዳሩም ዓይናቸው የጐላ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ቆመው ይሥላል። ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ከአንገቷ ይንጠለጠላል፤ ሲጨንቃት ተዘርግቶ ዓይኗን ትተክልበታለች። ሊቃውንቱ እንዲህ ያለውን የአስማት ጸሎት አጥብቀው እንደ ነቀፉ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ጠንቋዮችን እንዳሳደዱ የታወቀ ነው፤ ነቀፋቸውም እውነት አለው። ሆኖም የፈራችው ሴት ስሟ በቀይ ተጽፎ ከቅዱሳን ስም ጋራ ስታየው ያገኘችው ዕረፍት የሚናቅ አልነበረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌሊቷን ብቻዋን አለማሳለፏ ነው። በኩር ልጇን የምትወልድ ሴት ቀኗ ሲቃረብ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፤ በእሳቱ አጠገብ ወገቧን የምታሽላት፣ ብትነቃ የምትነቃላት፣ ራሷ ወልዳ የተረፈች ሴት ከጎኗ አለች። ምጥ በመጣም ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» ይላል።

ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ የምዕራብ ሐኪሞች የነፍሰ ጡርን ፍርሃት ወደ ማብረዱ ነገር በሌላ ጐዳና ደረሱ። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃት ሥጋን እንደሚያኮማትር፣ መኮማተሩም ሕመምን እንደሚያበረታ አስተማረ። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ከቡዲስቶች ተመስጦ የቀዳውን ልቡናን የመሰብሰብ ትምህርት ሥልጠና አድርጎ ለሕመምተኞች ሰጠ፤ አዋላጅዋ ናንሲ ባርዳኪ ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለነፍሰ ጡሮችና ለባሎቻቸው አዋለችው። ከልምምዱ አንዱ በጀርባ ወይም በጐን ተጋድሞ፣ ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ራስ ድረስ እያንዳንዱን ክፍል በዝግታ ማስተዋል፣ ሐሳብ ሲሸሽም ሳይቈጡ ወደ እስትንፋስ መመለስ ነው። ክታቡ ከራስ እስከ እግር የሸፈነውን ሥጋ፣ ይህ ትምህርት ከእግር እስከ ራስ በማስተዋል ይጐበኘዋል፤ ያኛው ከውጭ ጠባቂን ሲያቆም፣ ይኸኛው ባለቤቲቱን ራሷን ዘብ ያቆማታል።

ይህ አዲሱ ጥበብ መልካም ነው፤ ለሃይማኖትም ጠላት አይደለም፤ ጽሞናን የሚያውቅ ክርስቲያን እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ዘመድ ርቋት የምታድረውን ነፍሰ ጡር «ልቡናሽን ሰብስቢ፣ በዝግታ ተንፍሺ» ብሎ ለብቻዋ መተው ከአበው ሥርዓት እኩሌታውን መውሰድ ነው። ሌላው እኩሌታ የቤተ ሰብ ዕዳ ነው። ባል አብሯት ይጸልይ፤ አብሯትም ይተንፍስ፤ እናት ወይም እኅት ትምጣ፤ እንቅልፍ ማጣቱ ከኀዘን ጋራ ሲጸናባትም ወደ ሐኪም ያድርሷት። የነፍሰ ጡር ዕረፍት በእርሷ ትጋት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ የሚያዋጡት ነው፤ አበውና እማት ያወረሱንም ትምህርት ይኸው ነው።