አደይን ከመጭ እንለይ

 

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አደይ አበባ ነው። መስከረም ሲጠባ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ መስኩ ቢጫ ይለብሳል። ነገር ግን ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም። መጭም ቢጫ ነው። ታዲያ በምን እንለያቸው?

አበባውን ብቻ አትዩ፤ ቅጠሉን ያዙ። የአደይ ቅጠል የተከፋፈለ ነው። የመጭ ቅጠል ግን አንድ ወጥ ነው፤ ሲዳስሱትም ይሻክራል። መጭ የኑግ ዘመድ ነው፤ ዘሩ ክንፍ የለውም። የአደይ ዘር ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ክንፍም አለው።

አያቶቻችን አደይን የሚያውቋት በወቅቷ ነው። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ በቅጠሏና በዘሯ ያውቋታል። እነሱም ቢሆኑ ቀድሞ ኮሪዮፕሲስ ከሚባል ወገን ቆጥረዋት ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ መርምረው ባይደንስ ከሚባለው ወገን አስገቧት። ሙሉ ስሟ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ማክሮፕቴራ በግሪክ ቋንቋ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። አያችሁ? ምልክቷ በስሟ ውስጥ አለ።

አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። የምትመለሰው በዘሯ ብቻ ነው። ዘሯ ሳይበስል ከታረሰች፣ ከብትም ከጋጣት፣ ለከርሞ ምን ይበቅላል? እንግዲያው ዘሯ እስኪረግፍ የማሳውን ዳር እንተውላት። ንቦቻችንም ይቀስማሉ።

ነገ መስክ ስትወጡ አንድ ቅጠል ቀጥፉ። ከልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት። ከዚያም በደብተራችሁ ላይ ስሟን በእጃችሁ ጻፉ፦ አደይ።

ደኅና ሰንብቱ።