ከ5 ኪሎ የሚሰማው ድምፅና የቴፒ ዝምታ

ተማሪ ሳለን፣ አንድ የግንቦት ሰኞ፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ወርዶበት ተዘጋ። ስልኩም አብሮ ጠፋ። የዶርም ጓደኛዬ እናት ሚዛን ታመው ተኝተው ነበር። ወሬያቸው የደረሰን በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጭቃውን በእግሩ የተሻገረ የአይሱዙ ረዳት በደብተር ወረቀት ይዞት መጣ። (ደህና ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።) እኛ እኮ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ነን! የሞገድ ቀመር ሸምድደናል፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አንዲት ቃል ማሻገር ግን አልቻልንም።

የአማተር ሬዲዮን ታሪክ መከታተል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አማተር ሲባል ጀማሪ ማለት አይደለም፤ ፈቃድ አውጥቶ፣ ያለ ክፍያ፣ በራሱ ማሰራጫ የሚነጋገር ሰው ነው። በአገራችን የታወቀው ጣቢያ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ነው፤ መለያው ኢቲ3ኤኤ፣ ቦታው አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ግቢ። በደርግ ዘመን የአማተሩ ሞገድ ከሞላ ጎደል ጸጥ አለ። መቼም በጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ማሰራጫ የያዘ ግለሰብ አይወድም። የ1977ቱ ረሃብ የመጣው እንግዲህ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ጣቢያው እንደገና የተነሣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ዛሬ ተማሪዎች ይሠለጥኑበታል።

ጥቅሙን ሌላ አገር በደንብ አሳይቷል። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የህንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ፣ በአንዲት ሴት የሚመራ የህንድ አማተሮች ቡድን ለትርፍ ጊዜው ጨዋታ ፖርት ብሌር ደርሶ ነበር። መስመሩ ሁሉ ሲቋረጥ ጨዋታውን ትተው የሰዎችን ደህንነት ወሬ ወደ ዋናው ምድር ማስተላለፍ ያዙ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡትን ሁለተኛው ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሬዲዮ ናዳ አያቆምም፤ ያቆማል የሚል ካለ አትመኑት። ከናዳ በኋላ ግን መንገድም ስልክም ባይኖር ስንት ሰው፣ የት፣ ምን እንደሚያስፈልገው መናገር ይቻላል።

የኛ ተራራ ደግሞ ለዚህ እንቅፋት አይደለም። በ7 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንቴና ዝቅ ብሎ ሲዘረጋ ሞገዱን ሽቅብ ይልከዋል፤ ላይኛው ከባቢ አየር መልሶ ያወርደዋል፤ ጋራው ከሥር ይቀራል። ከቴፒ አዲስ አበባ በአየር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ዘዴ የሚደረስበት ርቀት ነው። በእኛ ቀጠና ለአደጋ ጊዜ የተመረጠው መገናኛ 7110 ኪሎኸርዝ ነው። የመኪና ባትሪ ይበቃል። ፈቃዱን የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አንቴናው 20 ሜትር ሽቦ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሽቦ መስቀያ ዛፍ አይቸግርም፤ ሁለት የቡና ጥላ ይበቃል። መምህራኖቼ ፈቃዱን፣ እኛ የቀድሞዎቹ ሽቦውንና ባትሪውን እንያዝ እላለሁ። በግንኙነታችን ቀን ከምሳ በፊት ላነሣው አስቤያለሁ፤ ከምሳ በኋላ የሚሰማኝ የለም።