ከአንቀልባ እስከ ጋሪ

የሰው ልጅ የመጀመሪያ መንገዱን በእግሩ አይሄድም። በሌላ ሰው ጀርባ፣ በሌላ ሰው ክንድ፣ ወይም ሌላ ሰው በሚገፋው መንኰራኵር ላይ ሆኖ ነው ዓለምን የሚተዋወቃት። ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሥታት ስለተቀመጡባቸው በቅሎዎችና ሠረገላዎች ብዙ ጽፈዋል፤ ሕፃናት ስለተጓዙባቸው ነገሮች ግን የጻፉት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ልጁን በምን እንደሚያጓጉዝ የተመለከተ ሰው፣ የሚረግጠውን ምድርና የሚኖርበትን ቤት፣ በቤቱም ውስጥ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ አብሮ ያያል። ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኮዬ ፈጬ፣ አንድ ባልና ሚስት ለልጃቸው ጋሪ ለመግዛት ሲማከሩ ጥያቄው የዋጋና የቀለም ይመስላል። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል።

ከአንቀልባ እንጀምር። አንቀልባ ከለፋ ቆዳ ተሠርቶ፣ በጠፍር በትከሻና በወገብ ላይ የሚታሰር የሕፃን ማዘያ ነው። አያቶቻችን በዛጎልና በጨሌ አስጊጠውታል። ቆዳው የሕፃኑን ጀርባና መቀመጫ ይደግፋል፤ ጭኖቹ በእናቲቱ ወገብ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ ጆሮው በጀርባዋ ላይ ያርፋል። እናት በአንቀልባ አዝላ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች፤ ሁለት እጆቿ ነጻ ናቸው። ቆዳው ከከተማ እየራቀ ሲሄድ ቦታውን ነጠላና ጋቢ፣ ኋላም የፋብሪካ ማዘያ ያዙት። «እሹሩሩ» የሚለው የማባበያ ቃላችን ሳይቀር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሕፃኑ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ እናት ወዲህና ወዲያ ስትወዛወዝ ነው።

ለመሆኑ አያቶቻችን መንኰራኵርን ሳያውቁ ቀርተው ነውን? አይደለም። መንኰራኵር መንገድ ይፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር አስነሥተው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መድፉ ከመራመዱ በፊት ገደሉ መናድ፣ ድንጋዩ መፈንቀል፣ መንገዱ መጠረግ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር መንገድ ሲጠርጉ ወራት አለፉ። መቅደላ የደረሱት በ1868 መጀመሪያ ነበር። ያን ጉዞ ያሰበ ሰው፣ በደጋው ቁልቁለትና ዳገት ላይ ጭነት በበቅሎና በአህያ፣ ሕፃንም በጀርባ የተጓዘበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። አንቀልባ መንገድ ለሌለው አገር የተቆረጠ ልብስ ነው። የሰው እግር በደረሰበት ሁሉ ይደርሳል።

መንገዱ የተደላደለበት አገር ሌላ ነገር አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1733 ዊሊያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃና የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ፣ ለሦስተኛው የዴቨንሽር መስፍን ልጆች አንድ ትንሽ ሠረገላ ሠራ። ቅርጫቱ የባሕር ዛጎል ቅርጽ ነበረው፤ የሚጎትተውም ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ ነበር። የእኛ እናቶች ዛጎልን በአንቀልባ ላይ ሰፉ፤ መስፍኑ ልጆቹን በዛጎል ውስጥ አስቀመጠ። ልዩነቱ ያኛው የሥራ ዕቃ ሲሆን ይኸኛው የአትክልት ቦታ መጫወቻ መሆኑ ነው። መስፍኑ ሰፊ መስክና የተስተካከለ መንገድ፣ ሠረገላውንም የሚጠብቅ አሽከር ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንስሳው ቀርቶ የሚገፋ እጀታ ወጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ለልጆቿ ሦስት ጋሪዎች ከገዛች በኋላም ጋሪ የባለጸጎች ሞግዚት በመናፈሻ የምትገፋው የክብር ምልክት ሆነ። ይህን ልብ እንበል፤ የሕፃን ጋሪ ታሪክ የጀመረው ከጌጥ ነው፤ ጌጥነቱም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ሰዎች ግን ጋሪውን ከጌጥነት ወደ መሣሪያነት አቀረቡት። የመጀመሪያው በአሜሪካ የባልቲሞር ነዋሪ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ዊሊያም ሪቻርድሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት፣ የሕፃኑ መተኛ ዞሮ ፊቱን ወደሚገፋው ሰው እንዲያደርግ፣ መንኰራኵሮቹም እየራሳቸው እንዲዞሩና ጋሪው በጠባብ ቦታ እንዲታጠፍ አደረገ። ከእርሱ በፊት ጋሪ ግትር ሣጥን ነበር፤ ከእርሱ በኋላ እናትና ልጅ መንገድ ላይ ፊት ለፊት መተያየት ቻሉ።

ሁለተኛው ኦዌን ማክላረን ይባላል። እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሟ የገነነው የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የምታርፍበትን እግር በመንደፍ ይታወቃል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ልጁ ከሞስኮ የልጅ ልጁን ይዛ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ከባዱን ጋሪ እየጎተተች ስትደክም ተመለከተ። የአውሮፕላን እግር በበረራ ጊዜ ታጥፎ ይገባል፤ በማረፊያ ጊዜ ተዘርግቶ ክብደት ይሸከማል። ጋሪስ ለምን እንዲህ አይሆንም? እ.ኤ.አ. በ1965 ከአሉሚኒየም ቱቦና ከጨርቅ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ 3 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን ጋሪ ነደፈ፤ ከ1967 ጀምሮም ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። ማክላረን ያሰበው ስለ መናፈሻ አልነበረም። ሕፃን በአንድ እጇ፣ ጋሪ በሌላ እጇ ይዛ ደረጃ ስለምትወጣና አውቶቡስ ስለምትሳፈር ሴት ነበር።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን ምዕራቡ ዓለም ዞሮ ወደ ጀርባ ተመለከተ። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት ነርስ በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ አገልጋይነት ቶጎ ሄዳ ነበር፤ በዚያም በእናቶቻቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃናትን እርጋታ አየች። አገሯ ተመልሳ ልጅ ስትወልድ ከእናቷ ጋር ሆና ማዘያ ሰፋች፤ እ.ኤ.አ. በ1969ም የፈጠራ መብት አስመዘገበች። አፍሪካ ከጥንት ጀምሮ የምታውቀው ነገር በአሜሪካ «ፈጠራ» ተባለ። በ1986 ደግሞ ኡርስ ሁንዚከርና ሮናልድ ባር የተባሉ ሐኪሞች በካናዳ፣ በሞንትሪያል፣ በ99 እናቶችና ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ፤ በቀን ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የታቀፉና የታዘሉ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንታቸው ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። አያቶቻችን በእሹሩሩ የሚያውቁትን ሐኪሞቹ በቁጥር ጻፉት።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ይዘን ወደ ኮዬ ፈጬ እንመለስ። የአቃቂ ሜዳ የጥቁር አፈር ምድር ነው፤ ገበሬው ጤፍና ስንዴ ያበቀለበት፣ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጭቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ይህን ሜዳ አቋርጦ ሲገባ፣ መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሆኖ ጭቃውን ድል ነሣ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚሁ አፈር ላይ ኮንዶሚኒየም ተደርድሮ ቆመ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በ20/80 እና በ40/60 የቤት ፕሮግራሞች የ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ኮዬ ፈጬ በብዙ ሺህ ቤተሰቦች ዘንድ ስሙ የሚጠራ አዲስ አገር ሆነ፤ በዕጣው ዙሪያ የተነሣው የባለቤትነት ውዝግብም የአፈሩን ዝምታ ሰበረው። አርሶ ይበላ የነበረው ሰውና ዕጣ የደረሰው ሰው ሁለቱም ልጅ ያሳድጉበታል።

የ20/80 ሕንፃ በልማዱ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሆኖ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አራስ፣ ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ለመሄድ፣ ወይም ልጇን በአርባና በሰማንያ ቀኑ ክርስትና ለማስነሣት ስትወጣ፣ በመጀመሪያ የሚገጥማት መንገድ ደረጃ ነው። ከደረጃው በኋላ ኮብልስቶን፣ አለዚያም ገና ያልተነጠፈ አፈር፣ ከዚያም አስፋልት ይመጣል። ከአስፋልቱ በኋላ ደግሞ በሰው የተሞላ ታክሲ ወይም አውቶቡስ አለ። በአንድ ጠዋት ሦስት ዘመን ታልፋለች፤ የአንቀልባውን፣ የማክላረንን፣ የመስፍኑን። ለእያንዳንዱም የሚስማማው ዕቃ የተለያየ ነው።

ስለዚህ በኮዬ ፈጬ ጋሪ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት መንኰራኵር አለው?» ብሎ አይደለም፤ «ልጄን አቅፌ በአንድ እጄ አንሥቼ አራት ፎቅ አወጣዋለሁን?» ብሎ ነው። ሕፃኑን ጋሪው ውስጥ እንዳለ በደረጃ ማውረድ አደጋ ነውና፣ ጋሪው ቀላል፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚታጠፍ፣ ታጥፎም ከታክሲ ወንበር ሥር ወይም ከጉልበት ፊት የሚገባ ይሁን። ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማ በሱቅ ወለል ላይ ያምራል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ይንቀጠቀጣል፣ በድንጋይ መካከልም ይሰነቀራል። ትልቅ በነፋስ የተሞላ ጎማ መንገዱን ይችላል፤ ደረጃውን ግን አይችልም፤ ከብዷልና። ማመዛዘን ያለው እዚህ ላይ ነው። ምድር ቤት የሚኖር ሰው ትልቁን ጎማ ሊመርጥ ይችላል፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ከቀላሉ መካከል ጎማው ሻል ያለውን ይፈልግ። ትከሻን፣ ወገብንና እግር መካከልን የሚይዝ ባለ አምስት ነጥብ ቀበቶና አጥብቆ የሚይዝ ፍሬን ግን ለሁሉም ያስፈልጋል። በእጀታው ላይ የአስቤዛ ከረጢት ማንጠልጠል ጋሪውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። በፀሐይ ጊዜም ወፍራም ጨርቅ ማልበስ ሕፃኑን ከፀሐይ ይሰውረው እንጂ ሙቀት ያፍንበታል።

ብዙ ጊዜ ጋሪ በስጦታ ከውጭ አገር ይመጣል። ዋሽንግተን ያለች እኅት በራሷ ሰፈር የእግረኛ መንገድ መዝና በፍቅር የላከችው ትልቅ ጋሪ፣ ኮዬ ፈጬ ሲደርስ የልብስ መስቀያ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ የጋሪውም የእኅትየዋም አይደለም። ጋሪው ለተፈጠረበት መንገድ ታማኝ ነው፤ እዚህ ያጣው መንገዱን ነው።

አንቀልባና ማዘያስ? ገና ቦታቸውን አልለቀቁም። ራሱን ችሎ መቀመጥ ያልጀመረ ሕፃን፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወር ገደማ፣ ተዘርግቶ የማያስተኛ ጋሪ ላይ ሊቀመጥ አይገባውም። በእነዚህ ወራት ደረጃውንም ጭቃውንም የሚችለው የሰው ገላ ነው። ጭኖቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ከፍ ብለው፣ ፊቱ ሳይሸፈንና አገጩ ደረቱ ላይ ሳይወድቅ መታቀፉ ለዳሌውም ለአተነፋፈሱም ይበጃል።

ፊትን ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ዚዲክ ያቀረበችው ጥናት የሪቻርድሰንን አሳብ ያስታውሳል። ፊታቸው ወደሚገፋቸው ሰው የዞረ ሕፃናት ወላጆች፣ ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል ልጆቻቸውን ያነጋግሩ ነበር። ቃልን ለሚወድ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጅ አማርኛውንም ሆነ ኦሮምኛውን የሚሰማው መጽሐፍ ከመግለጡ እጅግ አስቀድሞ ነውና፣ የሚቻለው ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ዞሮ የሚተያየውን ይምረጥ፤ ያልተቻለውም በየመሐሉ ቆም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ያነጋግረው።

አንድ ነገር ግን ከጎማና ከቀበቶ ሁሉ ይበልጣል። አንቀልባ፣ ውበቱና ጥበቡ እንዳለ ሆኖ፣ ከሴት ጀርባ ወርዶ አያውቅም ለማለት ይቻላል። እናት ስትደክም ያዘለችው ታላቅ እኅት ናት፤ የስንቷ ልጃገረድ ትከሻ ለደብተር ሳይደርስ በታናሽዋ ተይዟል! አባት በአንቀልባ አዝሎ አደባባይ ሲወጣ ያየ ጥቂት ነው። የጋሪ እጀታ ግን የወንድ ወይም የሴት የሚባል ልማድ ገና አልተጻፈበትም። ከዘመድ ርቀው፣ አያትና ጎረቤት በቅርብ በሌሉበት አዲስ ሰፈር ዕጣ ደርሷቸው የገቡ ባልና ሚስት፣ ጋሪ ሲገዙ ይህን ዕድል አብረው ይገዛሉ። መስፍኑ ጋሪን ለጌጥ አሠራ፤ ማክላረን ለደከመች እናት አቀለለው። በኮዬ ፈጬ የሚቀረው አንድ ምዕራፍ ቢኖር፣ አባት እጀታውን ጨብጦ እናት እጇን አወዛውዛ የምትሄድበት ምሽት ነው።

እንግዲህ ጋሪ የምትመርጥ አንባቢ ሆይ፣ አስቀድመህ ደረጃህን ቁጠር፤ ቀጥለህ ምድርህን እይ፤ በመጨረሻም «የሚገፋው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «እርሷ ብቻ» ከሆነ፣ የገዛኸው ጋሪ የቱንም ያህል ቢቀል ከባድ ነው።