ከአገልግሎት እስከ ዘመቻ፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርት ቤትና የአካባቢ አስተዳደር

ዩኒቨርሲቲ ለኅብረተሰቡ የሚያበረክተው አገልግሎት ፍሬ የሚሰጠው ከተቀባዩ አካል ጋር አስቀድሞ ሲመከርበት መሆኑን የአገራችን የትምህርት ታሪክ ያስረዳል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ በመምህርነት ስለ ተመደቡ የመምህራን እጥረት የነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ተጠቅመዋል። ተመዳቢውንም የታወቀ ሥራ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድልና ርእሰ መምህር ይጠብቁት ነበር።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ግን በስፋቱ እጅግ የላቀ ነበር። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማርተው መሠረተ ትምህርት አስተማሩ፤ በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም ገበሬዎችን በማኅበር አደራጁ። ሆኖም በአዋጁ አፈጻጸም ረገድ ዘማቾችና የአካባቢ ባለሥልጣናት በየስፍራው ተጋጩ፤ ብዙ ዘማቾችም ዘመቻው ሳይፈጸም ምድባቸውን ትተው ሄዱ።

ከዚህ የምንረዳው የተሰማሪዎች ብዛት ብቻውን ውጤት እንደማያስገኝ ነው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ቁጥር ከመወሰኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባዋል፦ ተማሪውን ማን ይቀበለዋል? ሥራውን ማን ይመራዋል? ተማሪው ሲመለስስ የተጀመረውን ማን ይረከባል?