የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካና የሚሠራው ዕቃ አመራረጥ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማይቱ ከደረሰ ወዲህ ፋብሪካዎች እየተሰበሰቡ በመጡበት በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ፣ በ1981 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ ኋላ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ የተባለ፣ ብረት እያቀለጠ፣ እየቀጠቀጠና በቶርኖ እየቆረጠ ለሌሎች ፋብሪካዎች መለዋወጫ የሚያወጣ የተግባረ እድ ተቋም ነው።

የጨርቅ ወይም የሳሙና ፋብሪካ የሚሠራውን ከገዢው ፈቃድና ከገበያው ጠባይ ተነሥቶ ሲመርጥ፣ የመለዋወጫ ፋብሪካ ግን የሥራው ጥንት የሌላው ማሽን መሰበር ስለሆነ፣ ምክሩ ሁሉ ከመጣው ትእዛዝ የትኛውን እንቀበል፣ የትኛውን አስቀድመን ሠርተን በመጋዘን እናኑር፣ የትኛውንስ እንመልስ የሚል ነው። ምድጃው በአንድ ጊዜ የሚያፈሰው የቀለጠ ብረት ክብደት፣ ቶርኖው የሚይዘው ርዝመት፣ ዕቃው ከውጭ ቢመጣ የሚጠይቀው የውጭ ምንዛሪ ሁሉ ይመዘናል፤ ይልቁንም ብዛቱ ይመዘናል፤ የቀለጠው ብረት የሚፈስበትን ቅርጽ ለማውጣት የሚጠረበው የእንጨት ሞዴል ለመቶ ዕቃ የሚበቃ ሲሆን፣ አንዲት ብቻ የምትፈለግ መለዋወጫ የሞዴሉን ወጪ ብቻዋን ትሸከማለችና። ጊዜም የራሱ ሥልጣን አለው፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው እንደ ወንጂ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች አገዳ መጭመቃቸውን አቁመው ማሽናቸውን የሚጠግኑት በክረምት ስለሆነ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የደረሰ የመጭመቂያ ሮለር ለከርሞ ካልሆነ በቀር አይረባም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ናሙናው ነው። ደንበኛው የሚያመጣው ዕቃ ዘወትር ያለቀ ወይም የተሰበረ ስለሆነ፣ መሐንዲሱ እንዳገኘው ለክቶ ቢሠራው የሚደግመው መበላቱን ነው፤ ስለዚህ ከዕቃው ጋር የሚገጥመውን ሌላውን ክፍል ሊለካ፣ የብረቱን ጠባይ በላቦራቶሪ ሊመረምር፣ ከዚያም አልፎ ማሽኑ ወዳለበት ሄዶ የስብራቱን ምክንያት ሊጠይቅ ይገባዋል። ለምሳሌ የተሰበረው ሻፍት ሆኖ፣ ጥፋቱ ከሻፍቱ ሳይሆን ሻፍቱ ከሚያርፍበት ኩሽኔታ መዛባት የመጣ እንደ ሆነ፣ አዲሱ ሻፍት ምንም ያህል ያማረ ቢሆን እንደ ፊተኛው ይሰበራል፤ ደንበኛው የጠየቀውና ደንበኛው የሚያስፈልገው የሚለያዩት በዚህ ስፍራ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ሆኖ ትእዛዝን ብቻ አንብቦ መወሰንም ከባድ ስሕተት ነው። በእንዲህ ያለ ምርመራ የተገኘው የቴክኒክ ሥዕል ተጠብቆ ሲቀመጥ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ምክርን ያሳጥራልና፣ መዝገበ ሥዕሉ ከምድጃው የማያንስ ሀብት ነው።

ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ሥር ከገባ በኋላ የምርጫው መንገድ ተለወጠ። ኮርፖሬሽኑ ትራክተርና አውቶቡስ ከመገጣጠም አንሥቶ እስከ ስኳር ፋብሪካዎች ግንባታና እስከ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ድረስ ተረከበ፤ አገር በራሷ እጅ ትሥራ የሚለው ምኞት የተቀደሰ ቢሆንም፣ የሥራው ዝርዝር ከመንግሥት ዕቅድ ወደ ፋብሪካ ሲወርድ የወርክሾፑ አቅም ቀድሞ አለመመዘኑ ብዙዎቹን ሥራዎች አዘገየ፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሥራ ከኮርፖሬሽኑ ተወሰደ፤ በኋላም የሲቪል ፋብሪካዎቹ በኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ሥር እንደገና ተደራጁ።