ደጃዝማች በላይ ዘለቀና የወሎ ሥሩ

«ሽፍታ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል። በዳኛ ፊት ሲነገር ዘራፊ፣ ነፍሰ ገዳይ ማለት ነው፤ በገበሬ ቤት ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ ተበድሎ ዱር የገባ ሰው ማለት ነው። የቋራው ካሣ በሽፍትነት ጀምሮ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ከጫነ ወዲህ፣ ሽፍትነት ወደ ሥልጣን ከሚያደርሱት መንገዶች እንደ አንዱ ሲቆጠር ኖሯል። መንገዱን የጀመሩት እጅግ ብዙዎች ናቸው፤ ከዙፋን የደረሱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳይደርሱ ከቀሩት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው።

በላይን ጎጃም የራሴ ነው ይለዋል፤ ይገባዋልም። ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው። በላይ የተወለደው በወሎ፣ በቦረና ሳይንት በኩል ነው። እናቱ ወሎዬ ሲሆኑ፣ ጎጃሜው አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ታማኝ አገልጋይ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩ ጊዜ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ታላቅ ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ተመተው ተማረኩ። የወሎ ቤት ሲወድቅ በቤቱ ጥላ ሥር የነበረው ሁሉ ተበተነ። ባሻ ዘለቀም ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጎጃም ተመለሱ፤ እዚያም ሊይዛቸው በመጣ የመንግሥት ጦር ተገደሉ። የአባቱን ደም የመመለስ ዕዳ የወደቀበት ብላቴና አድጎ ቢሸፍት ምን ይደንቃል? የጎጃሙ ሽፍታ የተፀነሰው በሰገሌ ሜዳ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በኢጣልያ አውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ገባባት። መደበኛው ጦር በፈረሰ ጊዜ ገደሉንና ዋሻውን፣ የሌሊቱንም መንገድ የሚያውቀው፣ ከገበሬው ጋር ተማምኖ መኖርን የለመደው ሽፍታው ነበር። በላይ ብቸናን ማዕከል አድርጎ አምስቱን የወረራ ዓመታት ተዋጋ። ትናንት ወንጀል የነበረው ሙያ በአንድ ጀምበር የአገር መከታ ሆነ።

ከዚህ ላይ ግን አድናቂዎቹ ፈጥነው የሚያልፉት ጉዳይ አለ። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የኢጣልያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ወደ ዓባይ ሲያፈገፍግ፣ በበረሃው አድፍጦ ይመታዋል ተብሎ የተጠበቀው በላይ ነበር። አልመታውም፤ ጦሩ በሸፋርታክ በኩል ተሻገረ። ለጠላት ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተው አታለሉት ሲሉ የእንግሊዝ መኮንኖች ጽፈዋል። ያው ጦር በወሎ ምድር፣ አጅባር ላይ እጁን የሰጠው በግንቦት ወር ነው። ይህም የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮች የኮምቦልቻን በር ሰብረው ደሴን ከያዙ አንድ ወር ገደማ ካለፈ በኋላ ነበር። የአምስት ዓመት ተጋድሎ በአንድ ቀን ስሕተት አይፋቅም፤ ስሕተቱን መደበቅ ግን ተጋድሎውን ተረት ያደርገዋል።

አሜሪካኖችም ተመሳሳይ ሰው አላቸው። የሚዙሪው ጄሲ ጄምስ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ለተሸነፈው ለደቡብ ወገን በደፈጣ የተዋጋ ወጣት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ መሣሪያውን ባንክና ባቡር ላይ አዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 የራሱ ባልደረባ ከኋላው ተኩሶ ገደለው። ጀግና ያደረገው ጋዜጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ጄሲ ከተዋጊነት ወደ ዘራፊነት ወረደ፣ በላይ ደግሞ ከሽፍትነት ወደ አርበኝነት ወጣ።

ከድል በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግና የብቸና ግዛት ተሰጠው። ከእሱ ያነሰ የተዋጉት ከእሱ በላይ ሲሾሙ ግን ቅሬታው እየጠና ሄደ፤ የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ ኃይሉ በለው ጋርም ተጋጨ። በመጨረሻም ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግቶ እጁን ሰጠ። የተፈረደበት ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። ከእስር ቤት አምልጦ እንደገና ሲያዝ ግን ምሕረቱ አበቃ።

ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት ያመለጠውና አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር። ልጅ ማሞ ለኢጣልያ አድሮ አርበኞችን የወጋ ሰው፣ በሸፋርታክ ጉዳይ ስማቸው የሚነሣው የራስ ኃይሉ ልጅ ነው። አገሩን ሲያስከብር የኖረውንና አገሩን ሲወጋ የኖረውን ያ ቀን አልለያቸውም።