የለንደንን ገበና የገለጠው ጋዜጣና አራት ዓይነት አንባቢዎቹ

ስለ አንድ ከተማ የወሲብ ገበያ እውነተኛ ዘገባ በወጣ ቁጥር ክርክሩ የሚያተኩረው በጸሐፊው ላይ ነው፤ ደፋር ነው ወይስ ባለጌ? እኔን ግን እንደ ታሪክ መምህር ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአንባቢው ጉዳይ ነው። አንባቢ አንብቦ ምን ፈረደ? ከፈረደ በኋላስ ምን አደረገ? ለዚህ ጥያቄ በ1885 በለንደን ከወጣው ዘገባ የተሻለ አስተማሪ ምሳሌ አላገኘሁም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዘገባው ባለቤት ዊልያም ቶማስ ስቴድ ይባላል። ከ1883 ጀምሮ ፓል ማል ጋዜት የተባለውን የለንደን የማታ ጋዜጣ በዋና አዘጋጅነት ይመራ ነበር። ይህ ሰው ለእኛም ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የተነጋገረውን ጄኔራል ጎርደንን በጃንዋሪ 1884 አነጋግሮ፣ ወደ ካርቱም ይላክ ዘንድ በጋዜጣው የቀሰቀሰው እርሱ ነበር። ጎርደን ተላከ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ካርቱም ወድቃ ተገደለ። እንግዲህ ስቴድ ብዕሩ መንግሥትን እስከ ማዝመት እንደሚደርስ አስቀድሞ ያወቀ ጋዜጠኛ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ አንዲት ልጅ በራሷ ፈቃድ ለሩካቤ ልትስማማ ትችላለች የሚባልበት ዕድሜ 13 ዓመት ነበር። ዕድሜውን ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ተጓትቶ ሊቀር ተቃርቦ ነበር። ስቴድ ረዳቶቹን አሰልፎ ለሳምንታት በከተማይቱ የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ምርመራ አካሄደ። ጁላይ 4 ቀን 1885 ልባቸው የማይችል አንባብያን የሚቀጥሉትን ቀናት እትሞች እንዳያነቡ በጋዜጣው አስጠነቀቀ። ከጁላይ 6 እስከ 10 ባሉት ቀናት ደግሞ «የዘመናዊቷ ባቢሎን የደናግል ግብር» በሚል ርእስ በአራት ክፍል ዘገባውን አወጣ። ዋናው ክሱ፣ የድኾች ልጆች ለባለጠጎች መደሰቻ በገንዘብ ይሸጣሉ የሚል ነበር።

አንባቢው እንዴት ተቀበለው? እንደ እኔ አመለካከት አራት ዓይነት አንባቢ እናገኛለን።

የመጀመሪያው በነውሩ ሳይሆን ነውሩ በመጻፉ የተቆጣ ነው። በባቡር ጣቢያዎች የጋዜጣ መሸጫዎችን የያዘው የስሚዝ ድርጅት ጋዜጣውን አልሸጥም አለ፤ የድርጅቱ ባለቤትም በዚያን ጊዜ የጦር ሚኒስትር ነበር። በምክር ቤቱ ጋዜጣው ለምን አይከሰስም ብለው የጠየቁ አባላት ተነሡ። ገበናው ሲሠራ ዝም ያለ ሁሉ ገበናው ሲነገር ጮኸ።

ሁለተኛው ሊቀምስ የገዛ ነው። የአንድ ፔኒው ጋዜጣ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆኖ በየመንገዱ ተቸበቸበ፤ ሕዝቡም የጋዜጣውን ጽሕፈት ቤት ከበበ። ይህ ሁሉ ሰው ስለ ድኻ ልጆች እያለቀሰ ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ሦስተኛው አንብቦ የተነሣ ነው። ወጣቱ በርናርድ ሾው ጋዜጣውን ተሸክሜ በመንገድ ልሽጥ ብሎ ለስቴድ ጻፈ። ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን ማኅበር ከ300 ሺህ በላይ ፊርማ ያለበት አቤቱታ ለምክር ቤቱ አቀረበ። ተጓትቶ የነበረው ሕግ ኦገስት 14 ቀን ጸደቀ፤ ዕድሜውም ወደ 16 ከፍ አለ። ኦገስት 22 ቀን በሃይድ ፓርክ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። አንድ ዘገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕግ ሲያስወጣ በታሪክ ብዙ አይታይም።

አራተኛው አንባቢ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። በዘገባው ሊሊ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ በ5 ፓውንድ መሸጧ ተተርኮ ነበር። በሜሪልቦን የምትኖር አንዲት ድኻ እናትና ጎረቤቶቿ ግን ሊሊ የተባለችው የእናቲቱ ልጅ ኢላይዛ አርምስትሮንግ መሆኗን ጠረጠሩ። እናቲቱም ልጄ ለቤት ሠራተኛነት ትቀጠራለች ተብዬ ነው የሰጠሁት ብላ ወደ ፍርድ ቤት ሄደች። እውነቱ ሲጣራ ገዢው ስቴድ ራሱ ሆኖ ተገኘ! ሽያጭ እንደሚቻል ለማሳየት ሬቤካ ጃሬት የተባለችን ሴት ልኮ ልጅቱን አስገዝቷል። ልጅቱ አልተደፈረችም፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሳታውቅ ተመርምራለች፣ ደንግጣለች፣ ወደ ፈረንሳይም ተወስዳለች። የአባቷ ፈቃድ ስላልተጠየቀ ስቴድ በዚያው ዓመት በጠለፋ ተፈርዶበት ሦስት ወር ታሰረ፤ ጃሬት ስድስት ወር ተፈረደባት። ጋዜጣውን ልሽጥ ያለው ሾውም ነገሩ የተቀነባበረ መሆኑን ሲያውቅ በስቴድ ላይ የነበረውን እምነት አጣ።

ተማሪዎቼ በዚህ ታሪክ ላይ ሁልጊዜ በሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ «ውጤቱን ተመልከቱ፣ ስንት ልጅ ተረፈ!» ይላል። ሌላው ግማሽ «የድኻ ልጅ ማስረጃ ሆና መቅረብ ነበረባትን?» ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የልጆች ሽያጭ ስቴድ የፈጠረው ተረት አልነበረም። ይሁን እንጂ የድኾችን ልጆች በገንዘብ የሚገዙትን ሊያጋልጥ የተነሣው ሰው ራሱ የድኻ ልጅ በገንዘብ ገዛ።

በቁጣ የወጣ ሕግም የራሱ ጣጣ አለው። ያው ሕግ የሴተኛ አዳሪ ቤቶችን መክሰስ አቀለለ። ቤቶቹ ሲዘጉ ሴቶቹ ወደ ጎዳና ተገፉ። በመጨረሻ ሰዓት የተጨመረው 11ኛው አንቀጽ በወንዶች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ይቀጣ ነበር፤ በ1895 ደራሲው ኦስካር ዋይልድ የታሰረው በእርሱ ነው። ሴተኛ አዳሪዎችን በግድ የሚያስመረምሩትን ሕጎች ለዓመታት ታግላ በ1886 ያሰረዘችው ጆሴፊን በትለር በ1885 ከስቴድ ጎን ቆማ ነበር፤ በኋላ ግን ንጽሕናን በፖሊስ ኃይል አመጣለሁ የሚለውን ወገን አጥብቃ ተቃወመች። የልብስ ሰፊዋና የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ጉዳይ በሕጉ ውስጥ ከቶ አልተነሣም። ለምን? የሚጮኸው አንባቢ ስለ ሻጭና ስለ ገዢ ሲጠይቅ፣ ሴቲቱን ለዚያ ገበያ ያበቃት ምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቃትምና።

ይህን የማነሣው ስለ ለንደን ብቻ አይደለም። ዛሬ ማንም ሰው በእጅ ስልኩ የየትኛውንም ከተማ ሌሊት ቀርጾ ለዓለም ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ ዘገባ ሲቀርብልን «ጸሐፊው ባለጌ ነው ወይስ ጀግና?» ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው እላለሁ። የተጻፈባት ሴት ተጠይቃ ፈቅዳለችን? ጽሑፉን እናቷ ብታነበውስ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃታለችን? ስቴድ በ1912 በታይታኒክ መርከብ ላይ ሳለ ሞተ፤ እስከ መጨረሻውም በሥራው አላፈረም። ፍርዱን ለእናንተ ለአንባብያን ትቻለሁ፤ እኔ ግን የሜሪልቦኗን እናት አንብባ የሰጠችውን ፍርድ ከሁሉ አስቀድማለሁ።